ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ? ድሬና ሐረር ላይ ለቤት ኮምፒውተር ሲገዛ

ባለፈው ሰሞን ድሬ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቴ በር ላይ ያዙኝ። ልጃቸው ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው።

"ኮምፒውተር ካልገዛሽልኝ ብሎ ጨቀጨቀኝ። ታይዋን ገበያ ወርጄ ጠየቅኩ። አንዱ ላፕቶፕ ይላል፣ ሌላው ዴስክቶፕ ይሻልሻል ይላል። አቦ አንተ ንገረኝ፣ የቱን ልግዛ?"

"እትዬ፣ ቤትዎ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል?" አልኳቸው።

"እሱ ደግሞ ምን አገናኘው?"

ሁሉንም የሚወስነው እሱ ነው። ሻጭ ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ ይነግራችኋል። ከመብራቱ፣ ከሙቀቱና ከአቧራው ጋር የምትኖሩት ግን እናንተ ናችሁ። አዲስ አበባ ላለ ሰው የተጻፈ ምክር ግንቦት ላይ ድሬ ሲደርስ ይቀልጣል። ስለዚህ ለጎረቤቴ የነገርኳቸውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠጋኝ አይደለሁም። ግን እስከ ዛሬ ለቤቴ ሦስት ላፕቶፕና ሁለት ዴስክቶፕ ገዝቻለሁ፤ አንዱን በገዛ እጄ አፈንድቻለሁ። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

1. አንድ ሳምንት መብራቱን መዝግቡ

ብር ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የካላንደር ጀርባ ላይ መጻፍ ጀምሩ። መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት። አምፖሉ ደብዘዝ ካለ ወይም ቬንትሌተሩ ደክሞት መዞር ከጀመረ እሱንም ጻፉ። ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። ድሬ ውስጥ አንዱ ሰፈር በርቶ ሌላው የሚጨልምበት ቀን ስላለ የጓደኛችሁን ሰፈር አትመኑ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ከሦስት አንዱን ታገኛላችሁ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ዴስክቶፕ አያስቸግራችሁም። ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባለ ባትሪ ሣጥን) አይሆንም። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። መብራቱ ለአንድ ሰከንድ እንኳ ቢቋረጥ ይጠፋል። ልጁ ሁለት ሰዓት ሲጽፍ የቆየው የቤት ሥራ ካልተቀመጠ አብሮ ይሄዳል። ደጋግሞ እንዲህ መጥፋቱ ውስጡ ያለውን ዲስክም ይጎዳል።

መብራቱ ከሄደ ግማሽ ቀን የሚቆይ ከሆነ ግን ዩፒኤስ አያድናችሁም። ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ኮምፒውተርና ስክሪን አንድ ላይ ሲስቡት አዲስ ሳለ ሩብ ሰዓት ቢይዝ ነው። ሥራውን አስቀምጦ በደህና ለማጥፋት ይበቃል፤ ፊልም ለመጨረስ አይበቃም። እንዲህ ያለ ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ወደ ላፕቶፕ አዘንብሉ ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት ቤት ነው። እዚህ ላይ ላፕቶፕ የተሻለ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ገልብጣችሁ ብታዩት ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፎበታል። መብራቱ ወርዶ 170 ቢሆን እንኳ ሥራውን ይቀጥላል። ከቢሮ የሚወጡት ያገለገሉ ብራንድ ዴስክቶፖችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የሚያሰጋው እዚሁ የተገጣጠመው ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያስተካክለው) ነው። እሱ ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ዕቃ) ይፈልጋል።

ስለ ዩፒኤስ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ባትሪ ጠላት ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ሌላ አገር አራት ዓመት የሚያገለግለው ድሬ ላይ በሁለት ዓመት ቢሞት ሻጩን አትርገሙ። ባትሪው ብቻውን ይቀየራል። ዩፒኤሱን አትጣሉት።

2. የሚቀመጥበትን ቦታ አሁኑኑ ምረጡ

ሰው ኮምፒውተር ገዝቶ ከመጣ በኋላ ነው ቦታ የሚፈልገው። አትሳሳቱ። መጀመሪያ ቦታውን፣ ከዚያ ዕቃውን።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመሐላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ስታበቁ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ያህል ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተርም ልዩነቱን ያውቀዋል። አብዛኞቹ የላፕቶፕ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 35 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚመክሩት። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች የድሬ ክፍል ይህን ቁጥር መንካት አያቅታትም።

ሰዓቱንም አስቡት። ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ይተኛል፣ አዋቂው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ልጆች ኮምፒውተሩን የሚያገኙት በዚያ ሰዓት ነው። ቀኑ ከፍቶ በሚግልበት ሰዓት ማለት ነው።

ላፕቶፕ ሲግል ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ቁራጭ) ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። እናንተ "ቫይረስ ገባበት፣ ፎርማት ይደረግ" ትላላችሁ። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ደህና ይሆናል። ቬንትሌተር ፊቱ ብታስቀምጡለት ትንሽ ይረዳዋል፤ ግን የሚነፋበት ያንኑ የክፍሉን ሙቅ አየር ነው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ላፕቶፔን ፍራሽ ላይ አድርጌ ነበር የምሠራው። የአየር ማስገቢያው ከሥር ነው፤ ፍራሹ ይደፍነዋል። ቻርጀሩ ደግሞ ሌት ተቀን አይነቀልም። አንድ ቀን ጣት የምንጎትትበት ሰሌዳ አልጫን አለኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኩት። በሳምንቱ ከፍ ከፍ ብሎ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። ስከፍተው ባትሪው እንደ ዳቦ ተነፍቷል። እንዲህ ካያችሁ ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን ባለሙያ ያውጣው። በጥፍርም በቢላም አትነካኩት፤ ከተበሳ ይነዳል።

ዴስክቶፕ እዚህ ላይ ይሻላል። ሣጥኑ ሰፊ ነው፣ አየር ይዘዋወርበታል፣ ማቀዝቀዣው ትልቅ ነው። ሰዉ "ሲፒዩ" የሚለው ያን ሣጥን ነው፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ ከኋላው አንድ ስንዝር ይኑረው። ቀጥታ መሬት ላይም አታስቀምጡት፤ መጥረጊያው የሚያስነሳውን አቧራ ሁሉ ይስባል። ደቻቱ ወንዝ ዳር የምትኖሩ ደግሞ የ1998ን የክረምት ጎርፍ ስለማትረሱ ስለ መሬት ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ አያስቸግርም። ችግሩ ቦታ ነው። ባህላዊው የሐረሪ ቤት በነደባ (ከፍ ባለ የመቀመጫ መደብ) የተሠራ ነው፤ ሰው ወንበር ላይ ሳይሆን ነደባው ላይ፣ ምንጣፍና ትራስ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ውስጥ የኮምፒውተር ጠረጴዛ ገትሮ፣ ገመዱን በዚያ በሚያምር ግድግዳ ላይ ማዝረክረክ ለዓይንም ይከብዳል። ላፕቶፕ ተከፍቶ ይሠራበታል፣ ሲበቃ ተዘግቶ ግድግዳው ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ደግሞም ዴስክቶፕ ሲበላሽ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ባጃጅ አይገባላችሁም። ሲፒዩውን ታቅፋችሁ ዋናው መንገድ ድረስ በእግር ነው። ዘመዴ አንድ ጊዜ እንዲያ ይዞ ሲወጣ ያገኘው ሰው ሁሉ "ምን ገዛህ?" እያለ አድክሞታል።

3. ማን ነው የሚጠቀመው?

ይሄ አጭር ነው። አንድ ወረቀት ላይ የቤቱን ሰው ስም ጻፉና "ኮምፒውተሩን ከቤት ይዞ የሚወጣው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሊወጣ ይችላል" አይቆጠርም። በሳምንት ሁለት ቀን በእርግጥ ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ ላፕቶፕ ነው።

ልጁ በሚመጣው ዓመት ሐሮማያ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ከሆነም ላፕቶፕ። ዶርም ውስጥ ዴስክቶፕ ይዞ መግባት ጣጣ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ገና ሁለት ሦስት ዓመት ካለው አትቸኩሉ። ዛሬ የተገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ያን ጊዜ ሲደርስ ባትሪው አልቆ፣ ማጠፊያው ላልቶ ነው። ለጎረቤቴ ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ሦስት ልጅ አንድ ኮምፒውተር የሚጋራ ከሆነ ደግሞ ዴስክቶፕ ይሻላል። ላፕቶፕ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይወድቃል፤ ሻይ ይፈስበታል። ኪቦርዱ ላይ የፈሰሰ ሻይ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ዋናውን ሰሌዳ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ቢፈስ የሚሞተው ኪቦርዱ ብቻ ነው፤ ኪቦርድ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው። ሌላም አለ። ዴስክቶፕ ሳሎን ነው የሚቀመጠው፤ ልጁ ምን እንደሚያይ ሳትሰልሉ ታዩታላችሁ። ላፕቶፕ አንሶላ ውስጥ ይገባል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር ስለተሰጠ ብዙ ወላጅ ተጨንቋል። ለዚያ የሚያስፈልገው ማውስና ኪቦርድ መልመድ ነው። የትኛውም ዓይነት ያስለምዳል።

4. ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አስሉ

ላፕቶፕ ሲገዛ አንድ ዋጋ ነው። ዴስክቶፕ ግን ሻጩ የሚነግራችሁ የሲፒዩውን ዋጋ ነው። ከዚያ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ገመድ፣ ዩፒኤስ፣ ጠረጴዛ ይመጣል። ሁሉንም ጽፋችሁ ደምሩ። አሁንም ባገለገለ ዕቃ ስታወዳድሩ፣ በአንድ ዋጋ ዴስክቶፑ ፈጣኑን ይሰጣችኋል። ሲበላሽም ቁራጩን ነው የምትቀይሩት። ስክሪኑ ቢሞት ስክሪን ትገዛላችሁ፤ የላፕቶፕ ስክሪን ሲሰበር ግን አንዳንዴ የላፕቶፑን ግማሽ ያህል ይጠየቃል።

ሁለት ተደብቀው የሚመጡ ወጪዎች አሉ። አንደኛው ኢንተርኔት ነው። ብዙ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ዋይፋይ የላቸውም። ቤት አምጥታችሁ ስትሰኩት ራውተሩን አያየውም። መፍትሔው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ነው፤ ከሲፒዩው ጋር አብራችሁ ጠይቁ። ለጊዜው ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ሲፒዩው ላይ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን ማካፈል ትችላላችሁ፤ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም ይሠራል። (ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት ሲጀምር መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ድሬ ላይ ነው። የድሬ ልጅ ይሄን ሳይጠቅስ አያልፍም።)

ሁለተኛው ገመድ ነው። "ቴሌቪዥን አለኝ፣ ስክሪን ምን ያደርግልኛል?" የሚል ልክ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሠራል። ግን ቴሌቪዥን የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ የሚባለውን ገመድ ነው፤ አንዳንዱ ያገለገለ ሲፒዩ ደግሞ ያለው ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ሌላ ቀዳዳ ብቻ ነው። ማገናኛ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

መብራት ሒሳብ ላይ የሚያስፈራሯችሁን አትስሙ። አንድ ተራ የቢሮ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 70 ዋት ገደማ ይስባል እንበል። ላፕቶፕ 25። በቀን 5 ሰዓት ቢሠሩ፣ በወር ልዩነታቸው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ገደማ እንጀራ ቢጋገርበት የሚበላው ያህል ነው።

እንግዲህ የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ለብዙ የድሬ ቤት የምመክረው መሐል ላይ ያለውን ነው። ሚኒ የሚባለውን ዴስክቶፕ። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ሦስቱም ይሠሩታል፤ ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ሣጥን ነው። ከውጭ በሚሰካ፣ የላፕቶፕ በሚመስል ቻርጀር ነው የሚሠራው፤ የቮልቴጅ መውረድን ይችላል። የሚስበው መብራት ትንሽ ስለሆነ ያው ዩፒኤስ ከትልቁ ሲፒዩ ይልቅ ይሄን ረዘም አድርጎ ያቆየዋል። ጉድለቱ ማራገቢያው ትንሽ መሆኑ ነው፤ አቧራውን ቶሎ ቶሎ ማውጣት ግድ ነው። መብራታችሁ ሰዓታት የሚጠፋ ከሆነ ግን እሱንም እርሱት፤ ላፕቶፕ ግዙ።

5. ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ውጡ

ገበያው በቁጥር ያደናግራል። ለቤት ሦስቱ ይበቃሉ።

ራም 8 ጂቢ። ራም ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ነው። 4 ከሆነ ብሮውዘር ላይ አራት ገጽ ሲከፈት ሀንግ ያደርጋል። ላፕቶፕ ከሆነ "ራም መጨመር ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጫጭኖቹ ላይ ራሙ ሰሌዳው ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም።

ኤስኤስዲ 256 ጂቢ። ፋይል የሚቀመጥበት፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ነው። "1,000 ጂቢ ሃርድ ዲስክ አለው" ቢሏችሁ አትደለሉ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ሲወድቅም ይጎዳል። ያረጀን ኮምፒውተር ከሞት የሚያስነሳ ነገር ቢኖር ኤስኤስዲ ነው።

ሦስተኛው የፕሮሰሰሩ ጄኔሬሽን፣ ማለትም ትውልዱ ነው። ኢንቴል ከሆነ ከኮር አይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 8250 ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። 10210 ከሆነ 10ኛ። 6300 ከሆነ 6ኛ ነውና እለፉት። ምክንያቱ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4፣ 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 10 ብቻ የሚችሉት በየሱቁ ረክሰው ቢቀርቡላችሁ ለምን እንደረከሱ አሁን ታውቃላችሁ።

6. ሱቅ ውስጥ ሳታፍሩ ፈትሹ

ጠዋት ሂዱ። በጠራራ ፀሐይ የደከመ ሰው ዕቃ አይመርጥም፤ "በቃ ስጠኝ" ይላል። ሱቁ ለምሳ ሊዘጋ ሲልም አትግቡ፤ እያጣደፈ ይሸጥላችኋል።

ስትደርሱ በርቶ የጠበቃችሁን አጥፉትና ራሳችሁ አብሩት። አንዳንድ ችግር የሚታየው ሲነሳ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ገጽ ዊንዶውስ ሳይመጣ ብቅ ካለ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን ከዊንዶውስ በፊት የሚያስነሳው ፕሮግራም) ተቆልፏል፤ አትግዙት። "በኋላ እንከፍተዋለን" የሚል ቃል አይሠራም።

ከዚያ ኖትፓድ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ ንኩ። ከሀ እስከ ፐ ሳይሆን በመስመር በመስመር፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ነጭ ገጽ ክፈቱና ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ጥላ ፈልጉ። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና በሁሉም ቀዳዳ ሰክታችሁ ሞክሩ። ላፕቶፕ ከሆነ በአንድ እጅ ክፈቱት፤ ማጠፊያው ከላላ ስክሪኑ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ከጠነከረ ደግሞ የፊት ሽፋኑ ጎን ላይ ይሰነጠቃል።

ባትሪው ላይ አትቸኩሉ። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ቪዲዮ ክፈቱ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከ100 ወደ 85 ከወረደ በአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ያልቃል ማለት ነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርትም አለ፤ ባለሱቁ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዱ ባትሪው ሲሠራ የተሰጠው አቅም፣ ሌላው አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘው። 50,000 ተብሎ የተሠራው አሁን 30,000 የሚይዝ ከሆነ 60 በመቶ ነው የቀረው። ያን ጊዜ ዋጋ ቁረጡ። መብራት ስለሚጠፋ ብላችሁ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ባትሪው የሞተ ከሆነ፣ የገዛችሁት ትንሽ ስክሪን ያለው ዴስክቶፕ ነው።

ዋስትናውን በቃል አትቀበሉ። ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸፍን፣ የዕቃው መለያ ቁጥር ተጽፎ ደረሰኝ ይሰጣችሁ። ደረሰኝ የለም ካሉ ወደሚቀጥለው ሱቅ።

7. ቤት ሲገባ

የፈነዳው የኔ ዴስክቶፕ ታሪክ እነሆ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ማንሸራተቻ አለችው። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ይላል። አቧራ ስጠርግ በብሩሹ ገፋኋት መሰለኝ። መልሼ ሰካሁና አበራሁ። ድው! ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከዚያ የቤቱ ብሬከር ወረደ። ማንሸራተቻዋ 115 ላይ ነበረች። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው።

ስለዚህ ዴስክቶፕ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ቀይ ማንሸራተቻ ካለ 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡና በፕላስተር ሸፍኑት። ካልነበረው ብዙውን ጊዜ ራሱ የሚያስተካክል ወይም ለ230 ብቻ የተሠራ ነው፤ ጽሑፉን አንብባችሁ እለፉት።

ኮምፒውተሩን ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩ። ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ቮልቴጁን ወደ ታች ይጎትተዋል። መብራት ሲሄድ ንቀሉት። ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፤ አምስት አሥር ደቂቃ ይረጋጋ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም አድርጉት። ሌኖቮ፣ ኤችፒ፣ ዴልና ኤሱስ በብዙ ሞዴላቸው ላይ ይህን ይፈቅዳሉ። ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ የሚቀመጥ ባትሪ ነው ቶሎ የሚያረጀው። ከሥሩ አየር እንዲገባ ከኋላ በኩል በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጉት። የሚሸጠው መደገፊያም ዋና ሥራው ይኸው ነው።

8. አቧራውን በየሦስት ወሩ

ሐረር ላይ በስድስት ወር ይበቃል። ድሬ ላይ ግን በበጋው ንፋስ ሦስት ወር አይሞላም፣ ማራገቢያው ላይ ሱፍ የመሰለ ነገር ይጋገራል።

አጥፉት። ገመዱን ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፤ የቀረውን መብራት ያወጣዋል። ሲፒዩውን ግቢ አውጡትና ጎኑን ክፈቱ፤ ብዙዎቹ በአንድ ሁለት ብሎን ይከፈታሉ። ውስጡን ሳትነኩ መጀመሪያ የሣጥኑን ብረት በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እዚያ ይልቀቅ። ከዚያ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ደረቅ። ብሎወር ያለው ሰው ካገኛችሁ ከራቅ ብሎ ይንፋው። ሲነፋ ግን ማራገቢያውን በእርሳስ ጫፍ ያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ውስጡ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ሲሠራ እንደ ባጃጅ ይጮኻል። የቤት መጥረጊያ ማሽን አታስገቡ። እርጥብ ጨርቅም አታስገቡ።

ላፕቶፕ ከታች አሥር የሚሆን ብሎን አለው፤ ርዝመታቸውም ይለያያል። የት የት እንደነበሩ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ብሎኖቹን ሥዕሉ ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰራችሁት ሰሌዳውን ሊወጋው ይችላል። እጃችሁ ካልደፈረ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፤ በዚያው የፕሮሰሰሩን ፔስት ይቀይርላችሁ፤ ከደረቀ ሙቀቱን አያስተላልፍም።

ጎረቤቴ ካላንደሩን ይዘው መጡ። ሰባት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ጠፍቷል፤ ረጅሙ 25 ደቂቃ ነው። ሚኒውን ገዙ፣ ከዩፒኤስ ጋር፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰካ። አሁን የሚጨቃጨቁት በዜና ሰዓት ቴሌቪዥኑ የማን ነው በሚለው ነው። ስክሪን ለብቻው ግዙ ብያቸዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ወር ቀጥረውታል።